ፊን የሚፈተነው በምንድን ነው?

ሁለት ጠላቂዎች ከአንድ ጀልባ ወርደው፣ በአንድ ጥልቀት ወደ አንድ የኮራል አለት ዋኙ እንበል። አንደኛው ቀድሞ ደረሰ። ሁለተኛው ዘግይቶ ደረሰ፤ ነገር ግን በሲሊንደሩ ውስጥ የተረፈው አየር ከቀዳሚው ይበልጣል። የማንኛቸው ፊን (እግር ላይ የሚደረገው የዋና መቅዘፊያ) ይሻላል? ብዙ ሰው ጥቂት እንኳ ሳያመነታ የቀደመውን ይጠራል። ሌላው ደግሞ አየር ያተረፈውን ይመርጣል። ሁለቱም ፈራጆች ግን ማስረጃ ሳይኖራቸው ፈርደዋል። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ስለ አንድ ፊን ልናውቅ የሚገባን በታወቀና በጸና ፍጥነት ሲዋኙበት አንድ ሊትር አየር ስንት ሜትር እንደሚያስኬድ ነው። ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከውኃው ጠባይ እንነሳ።

ውኃ ከአየር ወደ 800 እጥፍ ይከብዳል። በውስጡ የሚያልፍ አካል ሁሉ ያን ክብደት እየገፋ ማለፍ አለበት፤ ውኃውም መልሶ ይይዘዋል። ይህ ተቃውሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል እየተራመደ አያድግም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል። ስለምን ቢሉ፣ በእጥፍ ፍጥነት የሚሄድ ጠላቂ በየሰከንዱ የሚገፋው ውኃ እጥፍ ነው፤ ያንኑም ውኃ የሚገፋበት ፍጥነት እጥፍ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሁለት አራት። ነገሩ በዚህ አያበቃም። አራት እጥፍ የሆነውን ተቃውሞ እየታገለ በየሰከንዱ የሚያልፈው ርቀትም እጥፍ ስለሆነ፣ በየሰከንዱ ከእግሩ የሚወጣው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይደርሳል። ጭማሪው ትንሽ ሲሆንም ሕጉ ያው ነው። ፍጥነቱን በ10 በመቶ የጨመረ ሰው ጉልበቱን በ33 በመቶ፣ ፍጥነቱን በ20 በመቶ የጨመረ ደግሞ ጉልበቱን በ73 በመቶ ገደማ መጨመር ግድ ይለዋል።

እንግዲህ ወደ ሁለቱ ጠላቂዎች እንመለስ። ቀዳሚው ብዙ አየር የጨረሰው ፊኑ አባካኝ ስለሆነ ነው እንዳንል፣ ፈጥኖ መሄዱ ብቻውን ያን ያህል አየር ሊያስጨርሰው ይችላል። ሁለተኛው አየር ያተረፈው ፊኑ ቆጣቢ ስለሆነ ነው እንዳንል፣ መዘግየቱ ብቻውን ያን ያህል ሊያተርፍለት ይችላል። በተለያየ ፍጥነት የዋኙ ሁለት ሰዎች ስለ ፊናቸው የሚያስተምሩን ነገር እምብዛም ነው። በዚያ ላይ አካላቸውም ልምዳቸውም ይለያያል።

ፍጥነት ሌላ፣ የፍጥነት ዋጋ ሌላ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታየ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1773 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ለፈረንሳዊ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ልጅ ሳለ ስለ ሠራቸው ሁለት ሞላላ የእንጨት ሰሌዳዎች ይተርካል። ለአውራ ጣት ቀዳዳ ነበራቸው፤ በእጅ ይያዙ ነበር። በእነርሱ ፈጥኖ እንደዋኘ፣ ነገር ግን የእጁን አንጓ እንዳደከሙት ጽፏል። በእግሩም ነጠላ ጫማ መሰል ነገር አስሮ ሞክሯል፤ የዋናተኛ ግፊት በከፊል ከቁርጭምጭሚትና ከእግር ውስጠኛ ጎን እንደሚመጣ ስላስተዋለ ግን አልረካበትም። ይህ ልጅ ከብዙ የዛሬ ገምጋሚዎች የተሻለ ፈታኝ ነው እላለሁ፤ ያገኘውን ፍጥነት ከከፈለው ድካም ጋር አንድ ላይ መዝግቧልና። ዛሬ የምናውቀው የእግር ፊን አባት የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ሉዊ ደ ኮርልዩ ነው፤ የፈጠራ መብቱን በ1933 አስመዘገበ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካዊው ኦወን ቸርችል ያሠራቸው ፊኖች ለአሜሪካና ለእንግሊዝ የባሕር ኃይል ጠላቂዎች ደረሱ።

አሁን ፊን በውኃ ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ጠላቂ ወደ ፊት የሚሄደው ውኃን ወደ ኋላ ስለሚገፋ ነው። የሚያገኘው ግፊት በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ በየሰከንዱ ወደ ኋላ በላከው የውኃ ብዛትና ውኃውን በላከበት ፍጥነት። ስለዚህ አንድን ግፊት በሁለት መንገድ ማግኘት ይቻላል፤ ጥቂት ውኃን በኃይል በመወርወር፣ ወይም ብዙ ውኃን በዝግታ በመግፋት። ግፊቱ እኩል ቢሆንም ዋጋው ግን አይተካከልም። ውኃው ይዞት የሚሄደው ጉልበት በራሱ በውኃው ፍጥነት ካሬ ልክ ያድጋል። ያ ጉልበት ጠላቂውን አያስኬደውም፤ ከኋላው ሲሽከረከር ቆይቶ ይጠፋል። ባዶ እግር ጠባብ ስለሆነ ጥቂት ውኃ ይዞ በፍጥነት ይወረውራል፤ ስለዚህም ብዙ ያባክናል። ሰፊ ፊን ብዙ ውኃ ይዞ በዝግታ ስለሚገፋ የሚያባክነው ያነሰ ነው።

ጠቃሚውን ጉልበት ለጠቃሚውና ለባከነው ድምር ስናካፍል የሚገኘው ቁጥር በእንግሊዛዊው የመርከብ መሐንዲስ በዊልያም ፍሩድ ስም የፍሩድ ቅልጥፍና ይባላል። ፓኦላ ዛምፓሮና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ጥናት ይህን ቁጥር በውኃ ላይ በሚዋኙ ሰዎች ለክተዋል። ያለ ፊን 0.61፣ በፊን 0.70 ሆኖ ተገኘ። በተመሳሳይ ፍጥነት ሲዋኙ ፊን ያደረጉት ለአንድ ሜትር የሚያወጡት ጉልበት በ40 በመቶ ገደማ አነሰ። ልብ በሉ፤ ከ0.61 ወደ 0.70 የተደረገው ለውጥ ብቻውን ይህን ሁሉ ቁጠባ አያመጣም። የቀረው ከየት መጣ ቢሉ፣ ከእግሩ ከራሱ ነው። ፊን ያደረገ ሰው የሚመታበት ብዛት በ40 በመቶ ገደማ ሲቀንስ፣ የምቱ ስፋት ግን የቀነሰው በ10 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። እግር ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለስ ጠላቂው ባይራመድም እንኳ ጉልበት ይበላል፤ ምቱ ሲረጋ ያ ወጪ እጅግ ያንሳል። ስለዚህ በፈተና ጊዜ የምት ቆጠራ ከሰዓት ያላነሰ ማስረጃ ነው፤ የሚቆጥር ሰው መመደብ ያስፈልጋል።

ታዲያ ፊን በሰፋና በረዘመ ቁጥር ይሻላል ማለት ነውን? አይደለም። የፊን ጥንካሬና ስፋት ለእግር እንደ ብስክሌት ማርሽ ነው። ከባዱ ማርሽ በአንድ ዙር ብዙ ያስኬዳል፤ አቀበት ላይ ግን ጡንቻውን አስጨንቆ ያቆመዋል። ለእግሩ ከሚገባው በላይ የጠጠረ ፊን ያደረገ ጠላቂ ጉልበቱን አጥፎ እንደ ብስክሌት ነጂ መርገጥ ይጀምራል፤ ባቱም ይኮማተራል። የለሰለሰው ደግሞ በዝግታ ሲዋኙ ደስ ይላል፤ በሙሉ ኃይል ሲመታ ግን ከልክ በላይ ይጎብጥና ውኃውን ወደ ኋላ መላኩ ቀርቶ ወደ ጎን ያፈሰዋል። እንግዲህ የአንድ ፊን ቅልጥፍና ከፊኑ ብቻ አይነበብም፤ ከእግሩና ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ይነበባል። በጓደኛ እግር ላይ ያሸነፈ ፊን በእናንተ እግር ላይ ሊሸነፍ ይችላል።

የፊንን ኃይል በጉልህ የሚያሳይ ምሳሌ ከትንፋሽ ያዦች ዓለም እንውሰድ። ፖላንዳዊው ማቴውሽ ማሊና በ2016 በፊንላንድ ቱርኩ ከተማ በአንድ ትንፋሽ፣ ሁለቱን እግር በአንድ ሰፊ ክንፍ በሚያጣምረው ሞኖፊን 300 ሜትር ዋኘ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ከተማ፣ ያለ ምንም ፊን በእጅና በእግር ብቻ የዋኘው 244 ሜትር ነው። ሳንባው ያው፣ ሰውየውም ያው ነው። ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ብዙዎች ከሚጠብቁት ግን ያንሳል። ሥልጡን አካል ያለ ፊንም ውኃን አሳምሮ ማለፍ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን፤ ፊን የሚጨምረው በዚያ ላይ ነው።

ስለ ፊን ዓይነቶች ብዙ አልልም። አጭርና ጠጣር የጎማ ፊን አለ፤ ጆርጅ ቡሻ በ1964 ካወጣው ጄት ፊን የመጣው ወገን ነው። ዛሬም ዋሻና የሰመጠ መርከብ ውስጥ የሚገቡ ሰዎች ይወዱታል፤ እንደ እንቁራሪት ለመምታት፣ ባሉበት ለመዞርና ወደ ኋላ ለመመለስ ይታዘዛልና። ረጅም ምላስ ያለው የትንፋሽ ያዦች ፊን አለ። በመሃል የተሰነጠቀው፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተስፋፋው ደግሞ እግርን አያደክምም፤ ለእንቁራሪት ምት ግን አይመችም። አንዱን ዓይነት ከሌላው ጋር በአንድ ሩጫ ብቻ አወዳድሮ ፍርድ መስጠት ተገቢ አይደለም። በጅቡቲ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክን ከላይ ሆኖ ለመከተል የሚዋኝ ሰው ለጥቂት ደቂቃ ፍጥነት በእርግጥ ያስፈልገዋል። በእስራኤሏ ኤላት ወይም በኤምሬቶቹ ፉጃይራ የኮራል ግድግዳ እያየ ቀስ ብሎ የሚሄድ ጠላቂ ግን ያንን ፍጥነት በሙሉ ጠለቃው አንድ ጊዜ እንኳ ላይጠራው ይችላል።

አሁን ወደ ፈተናው እንግባ። በብዛት የሚደረጉት ሁለት ፈተናዎች ጉድለት አለባቸው። የመጀመሪያው ጠላቂውን በገመድ ከገንዳው ግድግዳ ጋር አስሮ ምን ያህል እንደሚጎትት በሚዛን ማንበብ ነው። ቁጥሩ ያምራል፤ ትርጉሙ ግን ትንሽ ነው። ጠቃሚ ሥራ ማለት ግፊት በርቀት ሲባዛ ነው፤ የታሰረ ሰው ርቀቱ ዜሮ ነው። ቆሞ ብዙ የሚጎትት ፊን ሲንቀሳቀሱበት ሌላ ጠባይ ሊያሳይ ይችላል። ሁለተኛው ሙሉ ኃይል ተጠቅሞ አጭር ርቀት መሮጥ ነው። ይህ ለአደጋ ጊዜ ወይም ከኃይለኛ ጅረት ለማምለጥ የሚያስፈልገውን አቅም ስለሚያሳይ አልንቀውም። ነገር ግን ፈታኙ ባለፈው ሩጫ ደክሞ ከሆነ የሚለካው ድካሙን እንጂ ፊኑን አይደለም።

ዋናው ፈተና በጸና ፍጥነት የሚደረገው ነው። ባሕር ውስጥ በ5 ሜትር ጥልቀት፣ በ12 ሊትር ሲሊንደር፣ በሰከንድ 0.5 ሜትር ፍጥነት ለ10 ደቂቃ እንዋኝ፤ ይህ 300 ሜትር ነው። መስመሩ ሄዶ የሚመለስ ይሁን፤ ጅረት ካለ በመሄድ የሰጠው ጥቅም በመመለስ እንዲቀነስ። ጥልቀቱ አይለዋወጥ፤ በ5 ሜትር ግፊቱ 1.5 ባር ነው፤ በ10 ሜትር ግን 2 ባር ይሆናል፤ ያው ትንፋሽ ከሲሊንደሩ የሚያወጣው አየር በሲሶ ይጨምራል። እንበልና በመጀመሪያው ፊን የሲሊንደሩ ግፊት መለኪያ፣ ጌጁ፣ በ30 ባር ወረደ። 30 ሲባዛ በ12፣ 360 ሊትር፤ በጥልቀቱ ላለው ግፊት፣ ለ1.5 ሲካፈል 240 ሊትር፤ በደቂቃ 24 ሊትር ማለት ነው። በሁለተኛው ፊን በ25 ባር ወረደ፤ በዚያው ስሌት በደቂቃ 20 ሊትር። ሜትሩን ለሊትር ስናካፍል የመጀመሪያው በአንድ ሊትር 1.25 ሜትር፣ ሁለተኛው 1.5 ሜትር አስኬደ።

ፍርዱ ተሰጠ ለማለት ግን አንቸኩል። ልዩነቱ ሁሉ 5 ባር ብቻ ነው። በመርፌ የሚሠራ ጌጅ ላይ 5 ባር ዓይን በትክክል ለመለየት የሚቸገርበት ልክ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ጥቂት፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ተሳስቶ ማንበብ ውጤቱን ሊገለብጠው ይችላል። ሙቀትም አለ። በ30 ዲግሪ ጀልባ ላይ 200 ባር ያነበበ ሲሊንደር 20 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሲቀዘቅዝ፣ አንድ ትንፋሽ ሳይወሰድበት በ7 ባር ገደማ ይወርዳል። ይህ ከምንፈልገው ልዩነት ይበልጣል! ስለዚህ ሲሊንደሩ ውኃው ውስጥ ቆይቶ ሙቀቱ እስኪስተካከል መጠበቅ፣ ከተቻለ በዲጂታል ጌጅ ማንበብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፈተናውን መድገም ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው፣ አንደኛው ቢሆን መልካም ነው፤ ድካምም ሆነ መላመድ ለሁለቱም ፊኖች እኩል ይደርሳቸዋል። አንዱ ፊን በሁለት ሙከራ ያሳየው ልዩነት ከሁለቱ ፊኖች ልዩነት ከበለጠ፣ ያ ፈተና ገና አልፈረደም።

ከፍታ ላይ የሚፈትን ሰው ሌላ ጥንቃቄ ይጨምር። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ፣ 0.77 ባር ያህል ነው። በከተማዋ ገንዳ በ2 ሜትር ጥልቀት የሚዋኝ ሰው ያለበት ግፊት 0.97 ባር ነው እንጂ መጽሐፉ ለባሕር እንደሚለው 1.2 አይደለም። በ1.2 ያካፈለ ሰው የራሱን ፍጆታ በአምስት አንድ እጅ ገደማ አሳንሶ ይጽፋል፤ ያን ቁጥር ይዞ ቀይ ባሕር ቢወርድ አየሩ ካሰበው ቀድሞ ያልቅበታል።

ቀጥሎ ያለው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ጠላቂ ምንም ሳይንቀሳቀስ ተንሳፍፎ ቢቆምም ይተነፍሳል። በምሳሌያችን ይህ በደቂቃ 12 ሊትር ነው እንበል። እንግዲህ ለመንቀሳቀስ ብቻ የወጣው በመጀመሪያው ፊን 12፣ በሁለተኛው 8 ሊትር ነው። በጠቅላላው ሲታይ ስድስት አንድ እጅ የነበረው ቁጠባ፣ የእረፍቱ ሲነሳለት ሲሶ ሆነ። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ ሻጭ ሲሶውን ይነግራችኋል፣ ሲሊንደራችሁ ግን የሚያውቀው ስድስተኛውን ነው። ያን ቁጠባ ወደ ፍጥነት ብንለውጠውስ? በደቂቃ 20 ሊትር እየተነፈሰ በሁለተኛው ፊን በሰከንድ 0.5 ሜትር የሚሄድ ሰው፣ በመጀመሪያው ፊን በዚያው ትንፋሽ 0.44 ሜትር ገደማ ይሄዳል። የሲሶ ቁጠባ በፍጥነት ሲመነዘር ሰባት አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ከላይ ያልነው የስምንት እጥፍ ሕግ ነው ያሳነሰው።

ከዚሁ ስሌት ሌላ ነገር ይወጣል። እጅግ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው አየሩን የሚጨርሰው በመኖር ነው፤ እጅግ የሚፈጥን ደግሞ በትግል። በመካከል አንድ ሊትር ብዙ ሜትር የሚያስኬድበት ፍጥነት አለ፤ በዚህ ቀላል ስሌት ለመንቀሳቀስ የሚወጣው አየር ለእረፍት ከሚወጣው ግማሽ ሲሆን ይገኛል። በሁለተኛው ፊን ያ ፍጥነት 0.45 ሜትር ገደማ ነው። ወደ 0.7 ሜትር ቢያፈጥን በአንድ ሊትር የሚሄደው ከ1.5 ወደ 1.24 ሜትር ይወርዳል፤ ይህም በ0.5 ሜትር ሲዋኝ የነበረውን የመጀመሪያውን ፊን ያህል እንኳ አይሞላም። የተሻለ ፊን ገዝቶ ያለ ልክ የሚያፈጥን ሰው ትርፉን በፍጥነቱ መልሶ ከፈለ ማለት ነው።

ፊን የማያድነው ጉድለትም አለ፤ እርሱም የአካል አቀማመጥ ነው። 170 ሳንቲ ሜትር የሚረዝምና 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አካል ቀጥ ብሎ ሲተኛ ውኃው ፊት ለፊት የሚያገኘው ያን 40 ሳንቲ ሜትር ነው። እግሩ 20 ዲግሪ ቢወርድ ግን ውኃውን የሚጋፈጠው ቁመት ከ90 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፤ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ወገብ ላይ የታሰረ የበዛ የእርሳስ ክብደት፣ በአግባቡ ያልተነፋ ጃኬት፣ ተንጠልጥሎ የሚጎተት ቱቦ፤ እነዚህ ከፊን ወደ ፊን ከሚገኘው ልዩነት የሚበልጥ ጥፋት ያደርሳሉ። ስለዚህ ከፈተናው በፊት ሚዛኑ ይስተካከል፤ አንድ ጊዜ ከተስተካከለም እስከ መጨረሻው አይነካ። ፊኖቹ ራሳቸው አንዱ የሚሰምጥ፣ ሌላው የሚንሳፈፍ ከሆነ የእግሩ ከፍታ ይለወጣል፤ ፈታኙ ያንን አይቶ ሊመዘግብ ይገባል።

ስለ ደኅንነት ቃል መጨመር ግዴታዬ ነው። በጥልቅ ውኃ የምንተነፍሰው አየር ይታመቃል፤ እዚያ በሙሉ ኃይል መሮጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በአካል ውስጥ ያከማቻል፤ ራስ ምታት፣ ፍርሃት፣ መደናገር ያመጣል። ስለዚህ የፍጥነት ፈተና ጥልቀት በሌለው ውኃ ይደረግ፤ ትንፋሽ ሲያጥር ወዲያው ይቁም። ትንፋሽ ይዞ የሚፈትን ሰው ደግሞ ብቻውን ፈጽሞ አይግባ፤ ከመግባቱ በፊትም ደጋግሞ በጥልቀት አይተንፍስ፤ ያ ልማድ የመተንፈስን ጥሪ አዘግይቶ ገንዳ ውስጥ እንኳ ራስን አስቶ ይገድላል።

ሁሉ ተደርጎ ሁለት ፊኖች በሊትርም በምትም እኩል ከወጡ፣ የቀረው ጥያቄ የእግር ነው። ጠላቂው በእውነት በሚያደርገው ካልሲና ቦት ይሞክራቸው፤ ቀጭን ካልሲ ያደረገ እግር ላይ የልኩ የሆነ ፊን በወፍራም ቦት ላይ ጣትን ያጣብቃል። ከ40 ደቂቃ ዋና በኋላ ባቱን ያላኮማተረውን፣ ተረከዙንም ያልላጠውን ይውሰድ።